ሥጋን የተውነው ሐራም አድርገነው አይደለም



ይህን የምንጽፍላችሁ አራት ወንድማማችና እህትማማች ነን። ደሴ ተወልደን ያደግን፣ አባታችን በአንዲት የጨርቅ ሱቅ ያሳደጉን ልጆች ነን። ከቤታችን ሥጋ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ለምን እንደተውነው የሚጠይቀን ብዙ ነው፤ አንዳንዱ እየሳቀ፣ አንዳንዱ እየተቆጣ። ለእያንዳንዱ ስንመልስ ከምንኖር አንድ ጊዜ ቁጭ ብለን ብንጽፈው ይሻላል አልን። ከናንተም መካከል እንደ አባታችን የታመመ አባት ያለው አይጠፋም።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የሱብሒ ሰላት ነው።

አባታችን ሱብሒን ከጀመዓ ጋር መስገድ ትተው አያውቁም። የደሴን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ጦሳ ጉም ለብሶ፣ መንገዱ ጭር ብሎ፣ እሳቸው ጋቢያቸውን ደርበው ሲወጡ የውጪው በር ያንቋርራል። እኛን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰን ያ ድምፅ ነበር። በዚያ ቀን ግን በሩ ሳይከፈት ቀረ። ተነስተን ስንገባ አባታችን አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የቀኝ እግራቸውን አውራ ጣት ያያሉ። ጣቱ አብጦ፣ ቀልቶ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። አንሶላው ሲነካቸው እንኳ ይሰቀጥጣቸዋል።

«ሌሊት የሆነ ነገር ነድፎኛል መሰለኝ» አሉን።

የነደፋቸው ነገር አልነበረም። ያን ሱብሒ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰገዱ። በሱጁድ ጊዜ መሬት መንካት ካለባቸው ሰባት የአካል ክፍሎች መካከል የሁለቱ እግሮች ጣቶች እንደሚገኙበት ሁላችንም ከልጅነታችን ተምረናል። አባታችን ያን ጣት አጥፈው መሬት ላይ ማሳረፍ አልቻሉም። አሰላመተው ዞር ሲሉ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ከሕመሙ ይሁን ከወንበሩ አልጠየቅናቸውም።

ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሐኪሙ ጣቱን ገና ሲያዩት «ሪህ ነው» አሉ። ደም ተመርምሮ ዩሪክ አሲዱ 9.4 ሆኖ ተገኘ። ለወንድ ከ7 ካለፈ በዝቷል ይባላል። ሐኪሙ በቀላል ቋንቋ አስረዱን። በምንበላው ምግብም ሆነ በራሳችን ሰውነት ውስጥ ፒዩሪን የሚባል ነገር አለ። ሰውነት ይህን ሲፈጨው ዩሪክ አሲድ ይወጣዋል፤ ኩላሊትም አጣርቶ በሽንት ያስወግደዋል። ከሚወገደው የሚመረተው ሲበልጥ ዩሪክ አሲዱ በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል ይሠራል። ብዙ ጊዜ በእግር አውራ ጣት ይጀምራል፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ይነሳል። ፒዩሪን በጣም ከሚበዛባቸው ምግቦች ውስጥ ጉበትና ኩላሊት ይገኙበታል፤ ቀይ ሥጋም ይከተላል። የአባታችን ኩላሊት ደግሞ መድከም ጀምሮ ነበር።

ከዚያ ሐኪሙ «ሥጋ እንዴት ነው? ያዘወትራሉ?» ብለው ጠየቁ። አባታችን እኛን አዩን፤ እኛ ወለሉን አየን።

ለናንተ ግን እንንገራችሁ። በኛ ቤት ጁምዓ ሲሰገድ አባታችን በመመለሻቸው ሥጋ ቤት ጎራ ይላሉ። ቅዳሜ ጠዋት ዱለት አለ። ጓዳው ውስጥ ቋንጣ የማይሰቀልበት ወር የለም። የረመዳን ሾርባችን ያለ አጥንት ተሠርቶ አያውቅም። ታላቅ እህታችን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ስታልፍ በግ ታርዷል። ታናሽ ወንድማችን ታሞ ሲያገግም የተቀቀለለት ቅልጥም እስከዛሬ ይወራል። እንግዳ መጥቶ ሽሮ ከቀረበለት እናታችን ለሳምንት ታፍራለች። አባታችን ብዙ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ደስታቸውንም፣ አይዟችሁ ማለታቸውንም የምናውቀው በፌስታል ተጠቅልሎ በሚገባው ሥጋ ነበር።

ሐኪሙ መድኃኒት አዘዙና «ሥጋውን ቀንሱላቸው፤ የሆድ ዕቃ ደግሞ ፈጽሞ ይቅር» አሉን። እኛም እሺ ብለን ተመለስን፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ትንሽ ብቻ ተባለ።

«ትንሽ» የምትባለዋን ነገር ተጠንቀቋት። እናታችን ከድስቱ መርጣ «ይቺ ምን ታደርጋለች» እያለች ትጨምርላቸዋለች። ታናሽ እህታችን ከራሷ ድርሻ ቆርሳ ታጎርሳቸዋለች። ወንድማችን ሱቅ ምሳ ሲያደርስ ጥብስ ደብቆ ይወስዳል። አንዳችን የሌላችንን አናውቅም ነበር። ሁላችንም በየፊናችን አዘንን፣ ሁላችንም በየፊናችን አበላናቸው። በአራት ወር ውስጥ ሕመሙ ሁለት ጊዜ ተነሳባቸው።

ሦስተኛው ኩታበር ነው የተነሳው። አጎታችን ዘንድ ለዘመድ ጥየቃ ሄደን ነበር። አጎታችን ወንድማቸው መምጣቱን ሲሰሙ ገና ሳንደርስ ሙክት አርደው ጠበቁን። አባታችን «ሐኪም ከልክሎኛል» ብለው ሞክረው ነበር። አጎታችን ግን «ለወንድሜ ያረድኩትን ማን ሊበላው ነው?» አሉ። ጉበቱ ቀድሞ መጣ። አባታችን አጎታችንን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ከዚያ ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ። ከእኛም ማንም አፉን አልከፈተም።

ሌሊቱን ሁለት ሆነን ደግፈን መኪና ላይ አወጣናቸው። ደሴ ልንገባ ስንል አባታችን እንዲህ አሉ፦

«ልጆቼ፣ እኔ ሥጋ ላይ ትንሽ የሚባል ነገር አላውቅም። ወይ ጨርሼ ልተወው፣ ወይ ወንበሩን ልልመደው።»

በማግስቱ ማታ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ታላቅ እህታችን ናት የተናገረችው። «አባ ብቻቸውን ሽሮ ይዘው፣ እኛ ፊት ለፊታቸው ጥብስ ልንበላ ነው? ይህ አይሆንም» አለች። ተከራከርን። ታናሽ ወንድማችን «እኔ ምን በወጣኝ?» ብሎ ነበር፤ ውሸት አንጽፍም። በመጨረሻ የተስማማነው ይህ ነው። ሥጋ ቤት ውስጥ አይገባም፤ ዶሮም ዓሣም አይገባም። ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤና እንቁላል ይቀጥላሉ። በዘመኑ ቋንቋ ቬጀቴሪያን ሆንን ማለት ነው፤ አባታችን ግን ቃሉን እስከዛሬ መጥራት አልቻሉም።

አጎታችን ይህን ሲሰሙ ስልክ ደወሉ። «አላህ ሐላል ያደረገውን እናንተ ሐራም ልታደርጉ ነው? ደግሞስ የዓረፋ ኡድሒያ ሊቀር ነው?» አሉ። ቁጣቸው ከፍቅር ቢሆንም ጥያቄው አስደነገጠን። የእውነት ተሳስተን ቢሆንስ? ስለዚህ የሰፈራችንን ኡስታዝ ሄደን ጠየቅን።

ኡስታዙ ተረጋግተው ሰሙን። «አጎታችሁ የፈሩት ነገር ተገቢ ፍርሃት ነው» አሉ። በሱረቱል ማኢዳህ 87ኛው አንቀጽ ላይ አላህ የፈቀደልንን መልካም ነገር በራሳችን ላይ እርም እንዳናደርግ መከልከሉን አስታወሱን። «ሥጋ አለመብላት ኢባዳ ነው፣ የማይበላ ሰው ከሚበላው ይልቅ ለአላህ ይቀርባል ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። ለጤና ስትሉ መተው ግን ሌላ ነው። ሰውነት አማና ነው» አሉ።

ከዚያም በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን ታሪክ ነገሩን። ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተጠበሰ ደብ፣ የበረሃ እንሽላሊት ማለት ነው፣ ቀረበላቸው። እሳቸውም እጃቸውን ሰበሰቡ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ሐራም ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አለመሆኑን፣ ነገር ግን በሕዝባቸው አገር ያልለመዱት በመሆኑ እንደማያሰኛቸው ነገሩት። ኻሊድም እሳቸው እያዩት በላ። «አያችሁ፣ በአንድ ገበታ ላይ አንዱ ተወ፣ አንዱ በላ፤ ማንም ማንን አልኮነነም» አሉን ኡስታዙ። ኡድሒያንም በተመለከተ ዋናው እርዱና ማካፈሉ እንደሆነ፣ ከእሱ መብላት የተወደደ እንጂ ግዴታ አለመሆኑ የአብዛኞቹ ዑለማዎች አቋም እንደሆነ አስረዱን። ቀለል ብሎን ወጣን።

የከበደው ጓዳው ነው።

እናታችን ሥጋ ወጥ ላይ እጇ የታወቀ ነው። ያለ ሥጋ ግን ከሽሮና ከምስር ሌላ አታውቅም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሁላችንም ሰለቸን። ያዳኑን ጎረቤታችን እትዬ ናቸው። እትዬ ክርስቲያን ናቸው፤ ከእናታችን ጋር ቡና ሲጠራሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ነገሩን ሲሰሙ በሳቅ ፈረሱ። «እኛ ሃምሳ አምስት ቀን ቆጥረን ፋሲካን እንጠብቃለን፤ እናንተ ማለቂያ የሌለው ሁዳዴ ገባችሁ?» አሉ። ግን በማግስቱ ሰናፍጭ ይዘው መጡ።

ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በዝግታ ማቁላላት እንዴት ወጡን እንደሚያጣፍጠው እሳቸው ናቸው ያሳዩን። አዚፋ፣ ስልጆ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ድፍን ምስር፣ ጎመን በዝንጅብል፤ ሁሉንም ከእሳቸው ተማርን። አንድ ቀን እናታችን እንዲህ አለች፦ «ከእትዬ ጋር ይህን ሁሉ ዘመን ስንኖር፣ በሠርግም በሐዘንም ሥጋችን ለየብቻ ነበር። ሽሮው ግን ሁሌም አንድ ነው።» እውነቷን ነው። እትዬ ልጃቸውን ሲድሩ ለሙስሊም ጎረቤት ለብቻ በሙስሊም እጅ አሳርደው፣ ለብቻ ድስት ጥደው ነበር። አሁን ግን እሳቸው የሠሩትን እኛ፣ እኛ የሠራነውን እሳቸው ሳንጠያየቅ እንቀማመሳለን። በጾማቸው ወቅት ብቻ ቅቤ አለበት የለበትም ብለው ይጠይቃሉ።

ከቤት ውጭ ሌላ ጣጣ አለ። ወንድማችን ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ምሳ ገብቶ «በያይነቱ» ሲል አስተናጋጇ ስሙን ሰምታ ኖሮ «ወንድሜ፣ የሙስሊም ሥጋ እኮ አለን» ትለዋለች፤ ያጣ መስሏት ነው። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ደህና ነው፣ የጾም ምግብ አይጠፋም። በሌላው ቀን ግን ፓስታ በስጎ ብቻ የሚቀርብበት ቤት ብዙ ነው። ሠርግ ላይ ደግሞ «ዳይት ነው?» የምትል ጥያቄ አትቀርም። አሁን «የሐኪም ትእዛዝ ነው» ብለን እናልፋለን። ረጅም ማብራሪያ ሠርግ ላይ አያምርም።

አሁን ወደ ስህተታችን እንምጣ፤ ለናንተ በጣም የሚጠቅማችሁ ይህ ነው።

ሥጋ ከተውን በሦስተኛው ወር ላይ የአባታችን ሕመም እንደገና ተነሳ። ተስፋ ቆረጥን። አጎታችን «አላልኳችሁም?» አሉ። ሐኪሙ ግን በሳምንት ውስጥ የበሉትን የጠጡትን አንድ በአንድ አስቆጠሩን። ሥጋውን በምን ተክተነው ነበር መሰላችሁ? በፓስታ፣ በነጭ ዳቦ፣ በድንች ጥብስ፣ በሳምቡሳ። አባታችን ደግሞ ምሳው ሲቀላቸው ጊዜ በየቀኑ አንዳንዴም ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ መጠጣት ጀምረው ነበር። ለስላሳ ውስጥ ያለው ስኳር፣ በተለይ ፍሩክቶስ የሚባለው ክፍሉ፣ ዩሪክ አሲድን እንደሚጨምር የሰማነው ያኔ ነው። ክብደታቸውም ጨምሮ ነበር። ሥጋ የሌለበት ምግብ ሁሉ ጤና ነው ብለን ነበር የተቀመጥነው።

ሌላም ጥፋት ነበረብን። ዘመድ «ሪህ ያለበት ሰው ምስርና ባቄላ አይበላም» እያለ ሲያስፈራራን ጥራጥሬውን ቀንሰንባቸው ነበር። ሐኪሙ ይህንንም አረሙ። እ.ኤ.አ. በ2004 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ጥናት ከ47 ሺህ በላይ ወንዶችን ለ12 ዓመት ተከታትሎ ነበር። ሥጋ አብዝተው የሚበሉት ጥቂት ከሚበሉት ይልቅ በሪህ የመያዝ ዕድላቸው በ41 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የባሕር ምግብም እንደዚያው ከፍ አድርጎታል። ፒዩሪን ያላቸው አትክልትና ጥራጥሬዎች ግን ያን ውጤት አላሳዩም፤ ወተትና እርጎ የመሳሰሉት ደግሞ እንዲያውም ስጋቱን ከመቀነስ ጋር ተያይዘው ታይተዋል። አባታችን ይህን ሰምተው «የሐይቅ ዓሣስ ቢሆን?» ብለው ሐኪሙን ሊያግባቡ ሞክረው ነበር። አልተሳካላቸውም።

ታላቅ እህታችንም ድካም ድካም ይላት ጀመር። ስትመረመር ደም ማነስ ተገኘባት። ከጥራጥሬና ከጎመን የሚገኘው ብረት ከሥጋው ይልቅ በዝግታ ነው ወደ ደም የሚገባው። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ አብሮ ሲበላ ያግዘዋል፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ደግሞ ያግደዋል። እኛ ደግሞ የመጨረሻውን ጉርሻ ሳንውጥ ሻይ የምንቀዳ ሰዎች ነን። አሁን ሻዩ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። ቫይታሚን ቢ12 የሚባለውም ከዕፅዋት አይገኝም። እኛ ወተትና እንቁላል ስለምንበላ ደህና ነን፤ እነዚህንም የሚተው ሰው ግን በኪኒን መልክ መውሰድ አለበት።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር አደራ። አባታችን መድኃኒታቸውን አላቆሙም። ሐኪሙ ገና ከጅምሩ ምግብ ብቻውን ዩሪክ አሲዱን በጥቂቱ ነው የሚቀንሰው ብለውን ነበር። «ሥጋ ተውኩ፣ ስለዚህ ኪኒን ልጣል» የሚል ሰው ካለ አይሞክረው። ረመዳን ሲመጣም አስቀድመን ሐኪሙን እናማክራለን፤ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ውሃው በደንብ መጠጣት አለበት።

ዛሬ የአባታችን ዩሪክ አሲድ 5.8 ነው። ሐኪሙ ከ6 በታች ይሁን ነበር ያሉት። ከዚያ ከሦስተኛው ወር ወዲህ ሕመሙ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱም ቀለል ብሎ ተነስቷል። ኩላሊታቸው እንደ ልጅነታቸው አልሆነም፤ ግን ባለበት ቆሟል። አልሐምዱሊላህ።

ያለፈው ዓረፋ ደግሞ እንዲህ ሆነ። አባታችን እንደ ወትሮው በግ ገዙ፣ በራሳቸው እጅ አረዱ። እናታችን ቢላዋ ይዛ «ለቤት ምን እናስቀር?» ብላ ጠየቀቻቸው። አባታችን ጉበቱን ትንሽ ቆም ብለው አዩት። ከዚያ እየሳቁ «ሽታው ይበቃናል» አሉ። ሙሉው በግ ወጣ፤ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ በሩ ላይ ለቆሙት። በፊት ለሰደቃ የምናወጣው አንዱን ሲሶ ነበር። በበዓሉ ቀን ሥጋ የሚያገኘው በዚያ ቀን ብቻ የሆነ ሰው በሰፈራችን ስንት እንደሆነ ያወቅነው ባለፈው ዓረፋ ነው።

አጎታችንም ከኩታበር መጡ። ሙክት አልነዱም፤ አንድ ቅል እርጎና ማር ይዘው ነው የመጡት። «እኔ ወንድሜን በእርጎ ዒድ ሙባረክ ብዬው አላውቅም። እናንተ ልጆች ከልማዴ አወጣችሁኝ» እያሉ አጉረመረሙ። እስከዛሬም ያጉረመርማሉ። ግን አባታችን ሲሄዱ አርደው አይጠብቋቸውም።

ውድ ወንድምና እህቶች፣ ሥጋ ተዉ አንላችሁም። ጤነኛ ሆናችሁ በልክ የምትበሉ ከሆነ ሐላል ሪዝቃችሁ ነው፤ ብሉ፣ አመስግኑ። ታናሽ ወንድማችንም አዲስ አበባ ሥራ ይዞ ከሄደ ወዲህ ይበላል፤ ማንም አልወቀሰውም። እቤት ሲመጣ ግን የቤቱን ይበላል። እኛ የምንላችሁ ሌላ ነው። አባታችሁ፣ እናታችሁ ሐኪም አንድ ነገር ከከለከላቸው ብቻቸውን አትተዉአቸው። «ይቺ ምን ታደርጋለች» ብላችሁ በፍቅር አታሳምሟቸው። የተከለከለውን ምግብ ከፊታቸው አንሱ፤ ከቻላችሁ እናንተም አብራችኋቸው ተዉት። እኛ አራት ወር አታለልናቸው፤ ያን አራት ወር ዛሬ ብንመልሰው በወደድን ነበር።

አባታችን ወንበሩን ሳሎን ጥግ ላይ አስቀምጠውታል፤ ልብስ ይሰቀልበታል። ሱብሒ ላይ የውጪው በር ሲያንቋርር እንነቃለን። አንዳንዴ ዘይት ቀቡት ይሉናል። እኛ ግን እስካሁን አልቀባነውም።

አላህ ለታመሙ ወላጆቻችን ሁሉ ዓፊያ ይስጥልን፤ ጤነኞቹንም ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።